ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

ደብሪቱ ወደ ጨፌ ዳር የልጃገረዶች ማደሪያ በገባች በማግስቱ፣ ገንፎ በአፏ እንደያዘች የከተማዋን ቄራ ለማታውቀው ሰው አከራየች። ማከራየቷን የነገሯት ምሳ ላይ ነው። እሷ የምታስታውሰው ገንፎው ምላሷን እንደላጣት ብቻ ነበር።

ጨፌ ዳር በሁለት ሺህ ሰማንያዎቹ ልጃገረድ ድምፅ ያልሰጠችበት ነገር የማይጸናባት ከተማ ነበረች። ድልድይ ሲዘረጋ፣ ጉድጓድ ሲደፈን፣ ውሻ ሲከተብ፣ ልጃገረዶች አስቀድመው ድምፃቸውን ይሰጣሉ። ሕጉን ያወጡት በጎ ሰዎች ነበሩ ይባላል። በየመስቀለኛው መንገድ አፏን የከፈተች የነሐስ ልጃገረድ ቆማለች፤ በከተማዋ ከዛፍ ሐውልት፣ ከሐውልትም የሐውልት መመረቂያ ሪባን ይበዛል። የነሐሷ ልጅ አፍ ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተዋል። ኩሳቸው በአገጯ ወርዶ ደረቷ ላይ ደርቋል። ጎብኚ ሲመጣ ይፋቃል፤ ጎብኚው ሲሄድ ርግቦቹ ይመለሳሉ።

ማደሪያው የገባች ልጅ ሁሉ አንገቷ ላይ ድሪ ይታሰርላታል። እንደ ጥንቱ የብር ድሪ ያብለጨልጫል፤ ልዩነቱ የሚሰማና የሚናገር መሆኑ ነው። ከተመረቀች ልጅ ለአዲስ ገቢ ይተላለፋል፤ ውሃ ያበላሸዋል ተብሎ አይታጠብም። የደብሪቱ ድሪ ከእሷ በፊት የስንቱን አንገት ላብ ጠጥቶ ኖሮ፣ ቀኑ ሞቅ ሲል እንደ ሰነበተ ቅቤ ይሸታል። አንዳንዴ ዝንብ ተከትላት ክፍል ትገባለች። ዝንቧም የከተማው ነዋሪ ናትና ማንም አያባርራትም።

ድሪው ሁለት ሙያ አለው። አንደኛው ለዛ መስጠት ነው። የልጅቱ ቃል ከጉሮሮዋ ሲወጣ ይቀበለውና ጎርባጣውን አልስልሶ፣ ማር አጥቅሶ፣ በራሷ ድምፅ መልሶ ያወጣዋል። ሁለተኛው «አዎ»ን ማወቅ ነው። ድሪውን የሠሩት የአገር ልጆች ናቸው፤ የእኛ ሰው «አዎ» ለማለት አፉን እንደማያደክም፣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ እንደሚጨርሰው ያውቃሉ። የባዕድ መሣሪያ ይህን መች ያውቃል እያሉ በየስብሰባው ደረታቸውን ይነፋሉ። አየር በአፍ ወደ ውስጥ ከተሳበ ድሪው አረንጓዴ ይበራል። ድምፅ ተሰጠ ማለት ነው።

ታዲያ የማደሪያው ቁርስ ገንፎ ነው። ሁልጊዜ ገንፎ፣ ሁልጊዜ ከእሳት የወረደ። እንፋሎቱ ጣሪያውን እየመታ ተመልሶ ስለሚንጠባጠብ ልጆቹ በሐምሌም በጥርም ከዝናብ በታች ነው የሚበሉት። ድስቱን አይቶ የማያውቅ ሰው አያምንም፤ ሁለት በሬ ጠምዶ ውስጡ ማረስ ይቻላል። ልጆቹ በገበታው ግራና ቀኝ ተደርድረው መጉረስ ሲጀምሩ፣ በግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ የዕለቱን አጀንዳ ያነባል። የማጉያው መጠሪያ አፈ ጉባኤ ነው።

«የቄራው ኪራይ» ይላል አፈ ጉባኤ።

ልጆቹ የጎረሱት ያቃጥላቸዋል። አየር ይስባሉ። አንገታቸው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ይበራል።

«ጸድቋል። ስለ ጋለ ድጋፋችሁ እናመሰግናለን።»

ምሳ ላይ ቄራውን ማከራየቷን ለደብሪቱ የነገረቻት ጎኗ የተቀመጠችው አዛለች ናት። አዛለች ማደሪያው ውስጥ የከረመች ልጅ ስትሆን፣ ምላሷ ከመቃጠል ብዛት የጫማ ሶል ሆኗል።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት፣ «ቄራ ያከራየ ሰው አንቺን ነው ያየሁት። እኔ በመጀመሪያ ቀኔ የእሳት አደጋ መኪና ሸጬ ነበር።»

«እኔ እኮ ተቃጥዬ ነው።»

«ሁላችንም።»

ከወጥ ቤት በስተቀር ድሪው የማይሰማበት ቦታ የለም። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ሙቀቱ ያደነዝዘዋል፤ እንደ ጠገበ ድመት ያንቀላፋል። ተረኛ ሆና ገንፎ ለማማሰል ስትገባ ደብሪቱ እትዬ ማክቤልን ጠየቀቻቸው። እትዬ ማክቤል ወጥ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት እዚያ የነበሩ የሚመስሉ አሮጊት ናቸው። ማማሰያቸው የስልክ እንጨት ያህላል።

«እትዬ፣ ትንሽ በረድ ቢልስ?»

«መመሪያ ነው ልጄ። ከእሳት ወደ ገበታ ይላል። ሊቀመንበሩ አቶ ያብስራ ራሳቸው የፈረሙት ነው።»

«ምን ብለው?»

«ለጤና ነው ብለው። የጤናውን እንጃ፤ እኔ የማውቀው ድስቱን ማጠብ ነው።» በማማሰያው ዳር የተጋገረውን እየፋቁ ወደ እሷ ዞሩ። «በእኛ ጊዜ ድሪ የለም፤ የልጃገረዶች ክበብ ነበር። ቲሸርት ይሰጡናል፤ ‹ድምፄ ይሰማ› የሚል፤ ጉልበታችን ድረስ የሚወርድ። ተናገሩ ይሉናል። ልንናገር ስንነሣ ሻይ ደርሷል ይሉናል። ቢሆንም አልፈልግም ስንል አልፈልግም ሆኖ ነበር የሚወጣው። ዛሬ እናንተ እንኳን ያቺን አጥታችኋል።»

ደብሪቱ የተናገሩት አልገባትም ነበር። የገባት ሐውልቱ ሲመጣ ነው።

አንድ ጠዋት አፈ ጉባኤ በተለመደው ድምፁ እንዲህ አለ፦ «የልጃገረዶች ማደሪያ ፈርሶ በቦታው ለልጃገረዶች ድምፅ መታሰቢያ የሚሆን ታላቅ ሐውልት ይቁም። ከሦስቱ የመጀመሪያው ንባብ።»

ግማሹ ልጅ በገንፎው፣ ግማሹ በድንጋጤ አየር ሳበ። ገበታው እንደ መስከረም መስክ ለመለመ።

«ጸድቋል» አለ አፈ ጉባኤ።

የደብሪቱ አገር ከጨፌ ዳር እጅግ ይርቃል። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ስም እንጂ ጣሪያ የለውም። እዚህ የምትማረው ማደሪያው ስላለ ነው፤ ማደሪያው ከፈረሰ ትምህርቱ ይቀጥላል፣ እሷ ግን የለችም። አጎቷ ጎጆ አስከድኖ፣ አማች መርጦ፣ «እስቲ ትሞክረው፣ ትመለሳለች» ብሎ በሩ ላይ ተቀምጧል። አማቹ ሁለት ጥርስና አርባ ፍየል ያለው ሰው ነው። ፍየሎቹን ቆጥረው የሚነግሯት ሁሉ ጥርሱን ይዘሉታል።

ሁለተኛው ንባብ በከተማው አዳራሽ ነበር። አዳራሹ ከመስፋቱ የተነሣ ከወዲያኛው ጫፍ ላስነጠሰ ሰው ከወዲህኛው «ይማርህ» የሚደርሰው በማግስቱ ነው። የተከበሩ አቶ ያብስራ መድረኩ ላይ ናቸው፤ የከተማው ሊቀመንበር፣ የልጃገረዶችም ዋና አጋር። ንግግር ሲጀምሩ የተጸነሰ ልጅ፣ ሲጨርሱ ክርስትና ይነሣል። ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ ወንበር ይይዛል። ፊት ለፊታቸው የክብር ገንፎ ቀርቦላቸዋል፤ ሰው ገንፎን ከዳር ከዳር ነው የሚበላው፣ እሳቸው ግን ጣታቸውን ቀጥታ ከመሀል፣ ቅቤው ከሞላበት ጉድጓድ ነው የሚሰዱት። ቅቤው በአንጓቸው ወርዶ እጅጌያቸው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በዚያው እጅ የልጆችን ጉንጭ ይዳብሳሉ።

ደብሪቱ ብድግ አለች። አዛለች ቀሚሷን ጎተተቻት። «አይሆንልሽም።» የአዛለች ድሪ ጣፋጭ ሆኖ ደገመው፦ «ይሆንልሻል።»

ደብሪቱ ይህን ልብ አላለችውም። «ማደሪያችንን አንለቅም!» አለች። «ሐውልት አንፈልግም!»

በአዳራሹ ማጉያዎች ሁሉ የራሷ ድምፅ፣ ጡት እንዳልጣለ ግልገል ለስልሶ፣ መለሰ፦ «ማደሪያችንን እንለቃለን። ሐውልት እንፈልጋለን።»

ጭብጨባው እንደ በረዶ ወረደ። ደብሪቱ ቆማ ሰማችው። ራሷ ናት የተናገረችው። የአገሯ ቅላጼ እንኳ አለበት፤ «ለ»ን እንደ እናቷ ሳብ አድርጋ ነው ያለችው። ከጉሮሮዋ የወጣ ነገር በሌላ ሰው አፍ ታኝኮ ወደ አፏ የተመለሰ ያህል ተሰማት። አቶ ያብስራ እንባቸውን ጠርገው ወረዱና ግንባሯን ሳሟት። ከንፈራቸው ሞቃት ነበር፤ ቅቤና በርበሬ ትተውላት ሄዱ።

ውጭ ወጥታ የነሐሷ ልጃገረድ እግር ሥር አስመለሰች። ርግቦቹ ወርደው ለቀሙት።

«አልነገርኩሽም?» አለች አዛለች ጀርባዋን እየመታች። ድሪዋ «ነግሬሻለሁ» አለ። አንዳንዴ ሁለቱ ይገጥማሉ።

ከዚያ በኋላ ደብሪቱ ወጥ ቤት ተረኛ መሆን በፈቃዷ አበዛች። የሦስተኛው ንባብ ቀን የድምፅ ቀን ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው መዶሻ ብቻ ነው። በማማሰያው ላይ ተንጠልጥላ ታስባለች።

«እትዬ» አለች አንድ ቀን፣ «ድሪው የሚቆርጠው ‹አል›ን፣ ‹አይ›ን እና ‹አን›ን ነው አይደል? ‹አል› የሌለበት ነገር ብናገርስ?»

«ያለ ‹አል› ምን ይነገራል? ምስጋና ብቻ ነዋ።»

«‹ማደሪያው ይቆይ› ብልስ?»

እትዬ ማክቤል ማማሰላቸውን አቆሙ። በዚያ ወጥ ቤት ታሪክ ማማሰያው ሲቆም ያ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ከሰል ስትሞላ የነበረችው አዛለች ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ተይ እንጂ። የልጃገረድ ሐሳብ አጋር ካልደገፈው ያድራል። ይህንን በየጠዋቱ ያነቡልን የለ? አጋሩ ደግሞ ያብስራ ነው። ዝም ብሎ ፈገግ ይልብሻል፣ አለቀ።»

«በድምፅ ቀን እሳቸውም ድሪ ያስራሉ?»

«ያስራል እንጂ። ‹እኔም እንደ እናንተ› እያለ።»

«ገንፎም ይበላሉ?»

አዛለች ቀስ ብላ አየቻት። ከዚያ ከሰሉን ጥላ ሳቀች፤ ሳቋ ወጥ ቤቱን ያህል ስለነበረ ድሪዋ ሊነቃ ምንም አልቀረውም።

«የእናንተን አቀዘቅዛለሁ» አሉ እትዬ ማክቤል። «ቀድሜ አገንፍቼ በየሰታቴው እዘረጋዋለሁ።»

«መመሪያውስ?»

«ከእሳት ወደ ገበታ ይላል። ከየትኛው እሳት አይልም። የትናንቱም እሳት እሳት ነው።»

የድምፅ ቀን ደረሰ። የጨፌ ዳር ሰው ሁሉ አዳራሹ ገባ፤ ያልገባው ያልተወለደው ነው። መድረኩ ላይ ረጅም ገበታ ተዘረጋና ልጃገረዶቹ በሁለት ረድፍ ተቀመጡ። አቶ ያብስራ መሀል ላይ ናቸው። የወርቅ ቀለም የተቀባ የአጋር ድሪ ታሰረላቸው፤ አንገታቸው ስላልተገኘ አገጫቸው ላይ ነው የታሰረው። ፊታቸው የቀረበው ገንፎ ላዩ ቆዳ አውጥቶ የተኛ ይመስላል። ከሥሩ ግን እትዬ ማክቤል እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ፍም ላይ አቆይተውታል፤ መሀሉ ያለው ቅቤ እንደ ፍል ውሃ በዝግታ አረፋ ይተፋል።

«የማደሪያው መፍረስና የሐውልቱ መቆም» አለ አፈ ጉባኤ። «ሦስተኛ ንባብ።»

ልጆቹ ጎረሱ። ገንፎው እንደ ጭቃ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ጭቃም ጥርስ ላይ ይለጠፋል። ጣዕሙ ያቅለሸልሻል። ከንፈራቸውን ገጥመው፣ በአፍንጫቸው እየተነፈሱ፣ አኘኩ። አንድም አንገት አልበራም።

«ሦስተኛ ንባብ» ሲል ደገመ።

ዝም። ማኘክ ብቻ።

አቶ ያብስራ የተዘረጋ እጃቸውን ከገንፎው መልሰው ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ልጆቼ፣ ምነው? ሐውልቱ እኮ ከደመና በላይ ነው። አፉ ውስጥ ምግብ ቤት አለው።»

ዝም።

«አንቺ፣ እግርሽ ሥር አይጥ አለች።»

ዳር ላይ ያለችው ትንሽ ልጅ ዓይኗ ፈጥጦ አፏን ልትከፍት ስትል አዛለች አንድ ጭብጥ ገንፎ ወተፈችባት። አቶ ያብስራ ገበታውን በመዳፋቸው መቱት፣ ድንገት አጨበጨቡ፣ የአንዷን ጆሮ ጠጋ ብለው «እናትሽ ታማለች አሉ» አሏት። ልጅቱ እንባዋ ወረደ። አፏ አልተከፈተም። ከፊት የተቀመጡ ታላላቅ ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ፤ ካሜራው ግን አያፍርምና ይቀርጻል። ከተማው በሙሉ አንድን ትልቅ ሰው ልጆች ለማስደንገጥ ሲንደፋደፍ፣ ላቡ ከቅቤው ጋር ተቀላቅሎ ሲንጠባጠብ አየ።

«ድምፅ አልተሰማም» አለ አፈ ጉባኤ። የእሱን «አል» የሚቆርጥ የለም። «አጀንዳው ይደር። የልጃገረዶች ሐሳብ ካለ ይቅረብ።»

ደብሪቱ ተነሣች። ሆዷ ውስጥ ያ ሁሉ «አንፈልግም» ተቆልሎ ጉሮሮዋን ይገፋል፤ እንደ ትውከት ዋጠችው።

«ማደሪያው ማደሪያ ሆኖ ይቆይ።»

ድሪዋ ቃሉን ተቀበለ፤ የሚቆረጥ ፈለገ፤ አጣ። ለዛ መስጠት ሥራው ነውና ጨመረበት፦ «ውዱ ማደሪያችን ማደሪያ ሆኖ ለዘለዓለም ይቆይ።»

ልጃገረዶቹ አንድ ላይ አየር ሳቡ። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ በራ።

«የአጋር ድምፅ?» አለ አፈ ጉባኤ።

አቶ ያብስራ ፈገግ አሉ። ጥርሳቸው ሲገለጥ የሱቅ መዝጊያ የተነሣ ይመስላል። ዝም ማለት ብቻ እንደሚበቃቸው ያውቃሉ። ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ፣ ደብሪቱን ዓይን ዓይኗን እያዩ እጃቸውን ወደ ገንፎው መሀል ሰደዱ፣ አንድ ጎልማሳ ጉርሻ ጠቀለሉ፣ ጎረሱ።

ቅቤው ምላሳቸውን ሲነካ የተሳበው አየር የአዳራሹን መጋረጃ ወደ መድረኩ ጎተተው የሚሉ አሉ።

የወርቁ ድሪ አረንጓዴ በራ። ድሪ ሁሉ የተቃኘው ለልጃገረድ ጉሮሮ ነውና ያ የተቃጠለ ሽማግሌ ትንፋሽ በማጉያዎቹ የወጣው በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው፤ ማር የተላሰ፣ የደስታ ሲቃ የመሰለ።

«የአጋር ድምፅ ተሰምቷል። ጸድቋል።»

«አልደገፍኩም!» አሉ አቶ ያብስራ፣ ገንፎው ከአፋቸው እየወደቀ።

«ደግፌያለሁ» አለች ልጅቱ በማጉያው።

«አላልኩም! አይሆንም!»

«ብያለሁ። ይሆናል።»

ጭብጨባው እንደ በረዶ ወረደ። አቶ ያብስራ ድሪውን ሊፈቱት ታገሉ፤ በቅቤው ያንሸራትታቸዋል።

እነሆ ማደሪያው አልፈረሰም። አጎቷ ያስከደነው ጎጆ ለፍየሎቹ ተሰጠ። በማግስቱ ዜናው ሁሉ «የልጃገረዶች ድምፅ ተሰማ» ይላል፤ ሐውልቱም አልቀረም፣ ከማደሪያው ጎን ቆመ፣ ለርግቦቹ ሰፊ አፍ ተሠራላቸው። ስለ ደብሪቱ «አንፈልግም» የጻፈ የለም። የተቀረጸው ሁሉ «እንፈልጋለን» ነው።

የአቶ ያብስራ ትንፋሽ ግን ከፍ ያለ ክብር አገኘ። የድምፅ ባለሙያዎች መርምረው ከተሰበሰቡት ሁሉ ጥርት ያለው፣ በራስ መተማመን የሚነበብበት የልጃገረድ ድምፅ ይህ ነው አሉ። ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት አፈ ጉባኤ ያሰማዋል፤ ልጃገረዶቹም እንዲለማመዱት። ደብሪቱ በሰማችው ቁጥር ግንባሯ ላይ ያ ሞቃት ከንፈር ያርፍባታል። ሳህኗን ትገፋለች። ሌላም ነገር አለ፤ ያለ «አል» መናገርን እጅግ ስለለመደች፣ ወጥ ቤት ገብታ እንኳን እትዬ ማክቤል «ጨው ልጨምርልሽ?» ቢሏት፣ «ያለው ይብቃኝ» ትላለች። አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ ማማሰያቸውን ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ።

በአዲሱ ዓመት ጠጂቱ የምትባል ልጅ ገባች። የመጀመሪያ ቁርሷ ነው። ገንፎው እንደ ድሮው ከእሳት የወረደ ነው፤ አሁን ድስቱ አጠገብ ሙቀት የሚለካ ሰው ቆሟል። አፈ ጉባኤ ያን ትንፋሽ አሰማ፤ ቀጥሎ ወደ አጀንዳው ገባ።

«ይህቺ ልጅ ማናት?» አለች ጠጂቱ። «ድምጿ ሲጥም።»

«ልጅ አይደለችም» አለች ደብሪቱ።

«ልጅ ናት» አለ ድሪዋ።

ደብሪቱ መዳፏን በራሷ ድሪ ላይ ከድና ወደ ልጅቱ ጆሮ ጎንበስ አለች። «አቶ ያብስራ ናቸው። ገንፎ አቃጥሏቸው።»

ጠጂቱ በድንጋጤ አየር ሳበች።

አንገቷ አረንጓዴ በራ። የደብሪቱ መዳፍ የከደነው የራሷን ድሪ እንጂ የጠጂቱን አልነበረም።

«ጸድቋል» አለ አፈ ጉባኤ። «ስለ ጋለ ድጋፋችሁ እናመሰግናለን።»

ምን እንዳነበበ ሁለቱም አልሰሙም ነበር።